እሜቴ በጀርባዋ የተኛች ዕለት

እሜቴ ዛሬም አልቀመሰችም።

እምዬ የመስታወቱን ሳጥን ክዳን ገርበብ አድርገው፣ በወረንጦ የያዙትን ፌንጣ ከሸረሪቷ ፊት ወዲያ ወዲህ ቢያወዛውዙ፣ ቢያስጠጉ፣ ቢለማመጡ፣ እሷ አንድ ባለጸጉር እግሯን አንስታ ገፋ አደረገችውና ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ያኮረፈች ምራት ትመስል ነበር።

«ተይው እንግዲህ» አሉ እምዬ። «ማንን ለመጉዳት ነው? ራስሽን ነው የምትጎጂው።»

ክዳኑን ዘጉ። መዘጋቱን ነካ አድርገው አረጋገጡ። በሩ ጋ ደርሰው አላስችል ብሏቸው ተመለሱና ደግመው ነካ አደረጉት።

እምዬ እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። የልጅ ልጃቸው አፉን ሲፈታ ያወጣላቸው ስም ነው፤ እሱም አደገ፣ ስሙም አብሮት አደገ፣ ዛሬ ባለሱቁም ጎረቤቱም በዚሁ ይጠራቸዋል። ልጁ አሁን ጢሙን የሚላጭ ጎልማሳ ሆኗል። መነጽር ቤት ተቀጥሮ መስታወት ይሞርዳል። ቀኑን ሙሉ ለሰው ዓይን ሲደክም ይውልና ማታ ቤቱ ሲገባ ሰው ማየት የማይፈልገውን ሲያይ ያመሻል። በጓዳው በኩል ያለችው ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ናት። ከታች ከእንጨት ቅርፊት ሥር የሚሸጎጡ ሁለት ጊንጦች አሉ። መሐል ላይ ጭራሮ መስለው ውለው የሚያድሩ፣ እምዬ አንድ ጊዜ ቆሻሻ ነው ብለው ሊጠርጓቸው የነበሩ ነፍሳት አሉ። ግድግዳው ላይ በመርፌ ተወግተው በመስታወት የተከደኑ ጢንዚዛዎች። ከሁሉም በላይ፣ በርጩማ ላይ ለተቀመጠ ሰው በዓይን ትክክል በሚሆነው መደርደሪያ ላይ፣ እሜቴ። ታራንቱላ ነው የሚሏት የዘሯን ስም። የሰው መዳፍ ታህላለች፤ ስትራመድ ደግሞ እንደ ባለጸጋ ሴት እግሯን እያነሳች፣ መሬቱን እየመረጠች ነው።

ያመጣት ጊዜ የምስር ፍሬ ነበረች። እምዬ ያኔ «ወይ እኔ ወይ እሷ» ብለው ነበር። ሳምንት ሳይሞላ «ውሃ አጠጣሃት?» ማለት ጀመሩ።

አሁን ልጁ የለም። ሆስፒታል ነው። ሕመሙ የደም ነው፤ የሚሰጡት መድኃኒት ክፉውንም ደጉንም አብሮ የሚጠርግ ዓይነት ስለሆነ ጉንፋን እንኳ ሊጥለው ይችላል ተብሏል። ስለዚህ ክፍሉ የሚገባው አንድ አስታማሚ ብቻ ነው። እሷም እናቱ ናት፣ የእምዬ ልጅ። ቤት የተሠራ ምግብ ጨርሶ አይገባም።

እምዬ ይህን የመጨረሻውን ሊያምኑ አልቻሉም። ሾርባ ሠርተው፣ ሳህኑን በፎጣ ጠቅልለው፣ ጉልበታቸውን እያባበሉ ሄዱ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ፎጣውን ገለጥ አድርጎ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ።

«የኔ ሾርባ በሽታ ነው?»

«ሾርባውማ ደኅና ነው እማማ። ሕጉ ነው የታመመው።»

መልሰው ይዘውት መጡ። ማንም አልበላውም።

ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ስልክ መጠበቅ ሆነ። ልጃቸው ስትደውል ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው።

«በላ?»

«አልበላም እማ። አፉ ውስጥ ቆስሏል።»

«ትንሽም?»

«ሁለት ማንኪያ ወስዶ መለሰው።»

ስልኩ ሲዘጋ እምዬ ወደ ጓዳው ክፍል ይገባሉ። ከሳጥኑ ፊት ያለችው በርጩማ ላይ ይቀመጡና እሜቴን ያያሉ። እሷም አትበላም። መቼ እንዳቆመች አስታውሰዋል፤ እሱ በገባበት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የእምዬ ሐሳብ የጤነኛ ሰው ሐሳብ እንዳልሆነ ራሳቸውም ያውቁታል፣ ግን ሐሳብ አትምጣ ቢሉት የሚቀር ነገር አይደለም። እሷ ከበላች እሱም ይበላል። ይቺ ከተነሳች እሱም ይነሳል። ለማንም አልተናገሩትም። ለልጃቸው ቢነግሯት ኖሮ ሸረሪቷን ከነሳጥኗ መንገድ ላይ ታወጣት ነበር፤ ድሮም «ይሄ ነገር ነው ቤቱን ያጨለመው» የምትል ናት።

ልጁ ሳይነግራቸው የሄደ እንዳይመስል። ቦርሳውን ተሸክሞ በር ላይ ቆሞ፣ እሳቸው ቦርሳው ውስጥ ካልሲ እየጠቀጠቁ፣ አንድ በአንድ ነግሯቸዋል። ውሃ በጠርሙስ ቆርኪ፣ ዘወትር። ፌንጣ በሳምንት አንዴ። «ሆዷ ጠቁሮ መብላት ካቆመች ግን ልብሷን ልትቀይር ነውና ተያት። ያልበላችውን ፌንጣ እንዳትተይባት፣ አውጪው። ቆዳዋን ስትገፍፍ እንደ ጨቅላ ነው የምትለሰልሰው። ፌንጣው ራሱ ይበላታል።» እምዬ ሰምተዋል። «እሺ» ብለዋል። የሰሙትን ማድረግ ነው ያቃታቸው። በሕይወታቸው ቤታቸው ውስጥ አፍ ያለው ፍጡር ሳይበላ አድሮ አያውቅም። እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ሲላቸው ሳህኑን የሚሞሉ ሴት ናቸው። የሆዷ መጥቆርም ልብስ የመቀየር ሳይሆን የርሃብ መሰላቸው፤ የልጁም ከንፈር እንደዚያው ጠቁሯል ብላቸዋለች ልጃቸው።

የዚያን ቀን ማታ ልጃቸው ደውላ «ዛሬ ውሃም እምቢ አለ» አለች።

እምዬ ስልኩን አስቀምጠው ወደ ጓዳው ክፍል ገቡ። ፌንጣዎቹ የሚቀመጡበትን ዕቃ ከፈቱ። አንድ አነሱ። ምናልባት ይቺን አልወደደቻት ይሆናል ብለው ሌላ ጨመሩ። ከመራጭ ፊት ብዙ ማቅረብ ነው ብለው ሌላ። አምስት አስገቡ። በወረንጦ ማወዛወዙንም ተዉት፤ ሰው እያያት ስለምታፍር ይሆናል፣ ብቻዋን ስትሆን ትበላለች። ክዳኑን ዘጉ። ነካ አደረጉ። መብራት አጥፍተው ወጡ።

ጠዋት ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ ገቡ።

እሜቴ በጀርባዋ ተዘርራለች። ስምንቱም እግሮቿ ሽቅብ ናቸው። ከታች በኩል፣ አይተውት የማያውቁት ገርጣ ያለ ደረቷ ተገልጧል። ከአንዱ እግሯ መጋጠሚያ ላይ ጥቁር ፌንጣ ተጣብቋል። እምዬ መጀመሪያ የበላችው መስሏቸው ነበር። ቀረብ ሲሉ የሚያኝከው እሱ መሆኑን አዩ።

በአንድ እጃቸው ክዳኑን ከፍተው፣ የወደቀ ሰው ቀና እንደሚደረግ ሊያቀኗት እጃቸውን ሰደዱ፤ በሌላው እጃቸው ስልክ እየነካኩ ነበር። የሚያውቁት አንድ ሰው ነው። ሠፈሩ ጢንዚዛ የሚለው ጸጉር አስተካካይ፣ የልጁ ጓደኛ፣ ፌንጣውን በየሳምንቱ የሚያመጣላቸው። ቅጽል ስሙን ያገኘው ከሱቁ መስታወት ዙሪያ ከሰቀላቸው ጢንዚዛዎች ነው።

«ሞተች» አሉት።

የጸጉር መቁረጫው ማሽን ድምፅ ቆመ። «ማን ናት የሞተችው እማማ? ረጋ ብለው ይንገሩኝ።»

«እሜቴ ናታ። በጀርባዋ ተዘርራለች። ላቃናት ነው።»

«እንዳይነኳት።»

«ወድቃ እያየኋት?»

«አልወደቀችም። ቆዳዋን እየገፈፈች ነው። ሁሉም እንደዚያ ተኝተው ነው የሚቀይሩት። አሁን የነካት ሰው ገደላት ማለት ነው። እጅዎ የት ነው ያለው?»

«ሳጥኑ ውስጥ።»

«ቀስ ብለው ያውጡት።»

አወጡት። ልብስ ትቀይራለች ሲባል እንደ ሰው ቆማ የምትቀይር ነበር የመሰላቸው።

«ሌላ ነገር የለም አይደል ውስጡ? ፌንጣ ምናምን?»

እምዬ አጎንብሰው ፌንጣዎቹን አዩ።

«እማማ?»

«አምስት» አሉ። «አምስት አስገብቻለሁ።»

ከወዲያ በኩል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ሕፃን ሲያስተኙ እንደሚናገሩት ዓይነት ሆነ። «ደኅና። ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገው ያስቀምጡት። ወረንጦውን ያንሱ። ከእሷ የራቁትን አይዩ፣ የነከሳትን ነው መጀመሪያ። እሷን ሳይነኩ።»

የእምዬ እጅ ሻይ ሲቀዱ ሲኒ የሚያንጫጫ እጅ ነው። ወረንጦው ጫፉ ዳንኪራ ይመታል። ትንፋሻቸውን ያዙ። ፌንጣው ወገቡ ተያዘ፤ ሲያነሱት የእሜቴ እግር አብሮ ተሳበ፤ ከዚያ አፉ ለቀቀ። ወለሉ ላይ ጥለው በነጠላ ጫማቸው ረገጡት። ሁለተኛውን ከጥግ አገኙት። ሦስተኛው ዘሎ ክንዳቸው ላይ ወጣ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ሠፈር ይሰማቸው ነበር፣ ዛሬ ዝም ብለው ለቅመው ጣሉት። አራተኛው ከውሃው ቆርኪ አጠገብ። አምስተኛው የለም።

«የለም» አሉ። «አንዱ የለም።»

«ከሥሯ ይሆናል። አይንኩ። እየመጣሁ ነው።»

ደረሰ። የጢንዚዛ ትከሻ ላይ የሌላ ሰው ጸጉር አለ።

«ደንበኛህስ?»

«ግማሽ ራሱ ተላጭቷል። ጋዜጣ ሰጥቼው ነው የመጣሁት፤ እንደዚያ ሆኖ የትም አይሄድም።» እያለ ጎንበስ ብሎ ወደ ሳጥኑ አየ።

አምስተኛውን እሱ ነው ያገኘው፤ ከእሜቴ ሆድ ጎን አፈር ለብሶ ነበር። አወጣው። ልጁ ጠረጴዛው ላይ የተወውን የእጅ ማጉያ መስታወት አንስቶ የተነከሰችውን እግር አየ። ከመጋጠሚያው ላይ ውሃ የመሰለች ጠብታ ወጥታለች። የሸረሪት ደም እንደዚያ ነው፤ ቀይ አይደለም።

«ይፈሳል?» አሉ እምዬ።

«ይፈሳል።»

«እና?»

«እና እስክትወጣ ከመጠበቅ በቀር ምንም።»

ጠበቁ። እምዬ በርጩማዋ ላይ፣ እሱ ቆሞ። የእሜቴ ደረት እንደ ሳጥን ክዳን ተላቀቀ። ከዚያ ሆዷ ተሰነጠቀ። ከዚያ ደግሞ ከአሮጌው ቆዳ ውስጥ አዲሷ እሜቴ፣ እርጥብና ገርጣ ያለች፣ እግሮቿን ከጓንት እንደሚያወጣ ሰው ጣት በጣት መሳብ ጀመረች። ትስባለች፣ ታርፋለች። ትስባለች፣ ታርፋለች። እምዬ አብረዋት እያማጡ መሆናቸውን ያወቁት ጢንዚዛ «ይተንፍሱ እማማ» ሲላቸው ነው።

ሰባቱ እግሮች ወጡ። ስምንተኛው፣ የተነከሰው፣ አሮጌው ቆዳ ውስጥ ቀረ። ስባ ስባ አልሆነላትም። ጠብታዋ እየበዛች ሄደች።

«አንድ ነገር አድርግ እንጂ።»

ጢንዚዛ ወረንጦውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ምላጭ ይዞ የሰው ጉሮሮ ላይ የማይንቀጠቀጠው እጁ ላብ አውጥቷል። «እኔ የማውቀው የሞተ ነው እማማ። መርፌ የምሰካው የሞተ ላይ ነው። ይሄን የሚያውቀው እሱ ነው።»

እምዬ ይህን ነበር የፈሩት። እሱ እንዲያውቅ ካልሆነ በቀር ሌላውን ሁሉ ይችሉት ነበር። ጠብታዋን አዩ። ስልካቸውን አነሱ።

ልጃቸው አነሳች። እምዬ የሆነውን በአጭሩ ነገሯት።

«እማ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጄ ውሃ አልወርድ ብሎታል። አንቺ የሸረሪት እግር ታወሪኛለሽ?»

እውነቷን ነው። ስልኩን ሊዘጉት ጣታቸውን አነሱ።

«ማን ነው?» የሚል የሻከረ ድምፅ ከልጃቸው ኋላ ተሰማ። «ስጪኝ። በምስል አድርጊው።»

ፊቱ መጣ። እምዬ ከሄደ ወዲህ አላዩትም ነበር። ጸጉሩ የለም። ቅንድቡም የለም። ዓይኖቹ ብቻ የድሮ ናቸው። እምዬ ያዘጋጁት ቃል ሁሉ ጠፋባቸው፤ ስልኩን ወደ ሳጥኑ አዞሩት።

ትክ ብሎ አየ።

«ፌንጣውን ማን አስገባው?»

«እኔ።»

«ነግሬሽ ነበር እኮ እምዬ።»

«ነግረኸኛል። ሰምቼህም ነበር። ተርባ መስሎኝ ነው።»

ጢንዚዛ ወደ ጣሪያው አየ። ከዚያ «ቀረብ አድርጊው» አለ ልጁ። «እዚያ ጋ። ወረንጦውን ያዢ። ጢንዚዛ አይደለም፣ አንቺ።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ይንቀጠቀጥ። ክንድሽን መደርደሪያው ላይ አስደግፊው። ስልኩን ለጢንዚዛ ስጪው። ጭኗን ታያለሽ? ከሰውነቷ ጋ ቀረብ ያለውን ወፈር ያለውን። እሱን አጥብቀሽ ያዢና ወደ ላይ፣ በአንድ ጊዜ። እያባበልሽ አትሳቢ።»

«ልቆርጣት ነው?»

«አንቺ አትቆርጪም። ራሷ ትለቀዋለች። ከለቀቀችው ቁስሉን ዘግታ ትተርፍ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ልብሷ ደግሞ ሌላ ታበቅላለች። ካልለቀቀችው ግን...» ትንፋሽ አጠረውና አረፈ። «ካልለቀቀችው በዚያ በኩል ታልቃለች።»

እምዬ ያዙ። የያዙት ነገር እርጥብ ክር እንጂ እግር አይመስልም ነበር። አፋቸው ውስጥ ምን እንደሚሉ ሳያውቁ እያጉረመረሙ፣ ወደ ላይ፣ በአንድ ጊዜ።

ወጣ። እግሩ ከነአሮጌ ቆዳው ወረንጦው ላይ ቀረ። እሜቴ ሰውነቷ አንዴ ጭብጥ አለ፤ ከዚያ ዘንበል ብላ በሆዷ አፈሩ ላይ ቀረች። ጠብታዋ ቆመች። እሜቴም ቆመች።

«ሞተች?» አሉ እምዬ።

«አላውቅም» አለ ልጁ። «ስልኩን አትዝጉት። ልያት።»

ጢንዚዛ ግማሽ የተላጨ ሰው ትቶ ስለመጣ መሄድ ነበረበት። ስልኩን መልሶ ሰጣቸው። በር ላይ ቆሞ በሹክሹክታ «ብትተርፍም ጥርሷ እስኪጠነክር ምንም እንዳይሰጧት። ሳምንት ሊያልፍ ይችላል» አላቸው።

«ምንም?»

«ምንም እማማ። ውሃ ብቻ።»

ሄደ። እምዬ ስልኩን በሁለት እጃቸው ከሳጥኑ ፊት ያዙ። መጀመሪያ ክንዳቸው ዛለ፣ ከዚያ ትከሻቸው። አላወረዱትም። ልጁ አንዳንዴ ይናገራል። «ተገልብጣ አይቻት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ሆኜ ነው የምትቀይረው። መጥቼ ቆዳውን ነው የማገኘው።» ትንሽ ቆይቶ «እንዴት ነበር ሲጀምራት?» አለ። እምዬ ነገሩት። ደረቷ እንደ ክዳን መነሳቱን፣ እግሯን እንደ ጓንት መሳቧን። «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። ይነግሩታል። «እሺ» ማለቱ እየቀጠነ መጣ። ከዚያ ቀረ።

የስልኩ ፊት ወደ ሳጥኑ ስለሆነ እሱን አያዩትም። ሊያዩት ቢያዞሩት እሜቴን አያያትም። የትኛውን እንደሚያዩ ጨነቃቸው፤ ሁለቱም ዝም ብለዋል።

ያን ጊዜ ነው እሜቴ የፊት እግሯን ያነሳችው። ጥቂት፣ እንደ ሰነፍ። መሬቱን ዳበሰችው። ከዚያ በሰባት እግር አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተሳበችና ቆመች።

«ተንቀሳቀሰች» አሉ እምዬ። «ልጄ፣ ተንቀሳቀሰችልህ።»

መልስ የለም። ስልኩን አዞሩት። የልጃቸው ፊት ነው የመጣው፤ ዓይኗ አብጧል።

«ዓይኑን ከድኗል እማ። ስልኩ ደረቱ ላይ ወድቆ ነው ያነሳሁት። ነርሷን ጠርቻታለሁ።»

«እየተነፈሰ ነው?»

«ይተነፍሳል። ግን ስጠራው አይመልስም።»

«ሰምቶ ይሆን? ስለ እሷ፣ አሁን ያልኩትን?»

«አላውቅም።» ልጃቸው ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። ሸረሪት ሲነሳ ፊቷን የምታዞር ሴት ናት። «እውነትሽን ነው? ተንቀሳቅሳለች?»

«ዓይኔ ነው ያየው።»

«እንግዲያው ጆሮው ሥር ላድርገው። ድገሚለት።»

ስልኩ ጆሮው ሥር ሆነ። እምዬ የሚሰሙት አንድ ማሽን ሲጮህና ትንፋሽ ሲገባ ሲወጣ ብቻ ነው፤ ሲገባ ረጅም፣ ሲወጣ አጭር። ከሩቅ የብዙ ሰው ጫማ ኮቴ ወደዚያ ክፍል ይፈጥናል።

«እግሯን ለቀቀችው የኔ ጌታ» አሉ። «እንዳልከው በአንድ ጊዜ ሳብኩት፤ ራሷ ናት የለቀቀችው። አሁን ወደ ውሃዋ ዞራለች። እኔ ምንም አልሰጣትም፣ ቃሌ ነው፣ ውሃ ብቻ። ሰባት እግር አላት። ሰባት ይበቃታል።»

አንድ ሰው «ስልኩን ከዚህ አንሱት» ሲል፣ ልጃቸውም «ትንሽ፣ ትንሽ ተዉት» ስትል ሰሙ። ትንፋሹ አሁንም ይሰማል። እምዬ የሚነግሩት ሲያልቅባቸው ደረቷ እንደ ክዳን ከተነሳበት እንደገና ጀመሩ።